ለማሽከርከር ብቁ ነው

ጅቡቲ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለልጄ ለሄመን ባይሳ፣ ቡራዩ

ከሁሉ አስቀድሜ የአባትሽ የባይሳ አምላክ መግቢያ መውጫሽን ይጠብቅልሽ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ እላለሁ። እኔ ከባሕሩ ወበቅ በቀር ደኅና ነኝ፣ ዋቃ ይመስገን። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ አደም የሚባል የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ከወደብ እየጫነ ገላን ያራግፋል። እኔ ስልክ ላይ ሳወራ ግማሹን እረሳዋለሁ፣ ግማሹን ደግሞ መስመሩ ይበላዋል። ስለዚህ በአደም እጅ እንጻጻፍ።

እዚህ ያው መጋዘኑ ውስጥ ነኝ። የገባውን እቆጥራለሁ፣ የወጣውን እቆጥራለሁ። ያገራችን ሾፌሮች ወሬ ይዘውልኝ ይመጣሉ። ማስተር ፕላን የሚሉት ነገር መጥቷል፣ ከተማው ወደ ሰበታም ወደ ቡራዩም ወደ ሱሉልታም ሊሰፋ ነው፣ ገበሬው ሊነሣ ነው ይላሉ። እኛማ ቀድመን ተነሥተናል። የአባቶቻችን የሰበታ መሬት ከታጠረ ይኸው ስድስት ዓመቱ። በካሣው የተገዛችው የወንድሜ የደገፋ አውቶቡስ ባትኖር ኖሮ ያ ቤት ተበትኖ ነበር።

የጻፍኩልሽም ስለዚህ ነው። የደገፋ መንጃ ፈቃድ በኅዳር ይታደሳል፤ የጤና ምርመራ ወረቀት አምጣ ብለውታል። አንቺ ያለሽበት ክሊኒክ ሾፌሮችን እንደሚመረምር ስለማውቅ ወደ አንቺ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ። ወረፋ ላይ እንዳታንገላቺው፤ አንድ ቀን ከሥራ ሲቀር የሰበታና የወሊሶ ተሳፋሪውን ሌላው ይወስድበታል።

ለትምህርትሽ ያደረግሁትን ነገር እንዳታነሺብኝ ብዬሽ ነበር፤ እኔም አላነሣውም። ሰው ሆነሽ ማየቴ ይበቃኛል።

አጎትሽ ኢፋ

*

ቡራዩ፣ ኅዳር 2 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ለጋሼ ኢፋ

እንደምን ሰነበቱልኝ? ወበቁ ቀለል አለልዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። የላኩልኝ ቴምር ደርሶኛል፤ ለክሊኒኩ ሰው ሁሉ ተዳርሷል።

ጋሽ ደገፋ ጥቅምት 24 ማለዳ መጡ። ሸሚዛቸውን አስተኩሰው፣ ጢማቸውን ተላጭተው። «ዶክተር ሄመን» እያሉ ሲያሾፉብኝ ወረፋ የያዙት ሾፌሮች ሁሉ ሳቁ። ጤና መኮንን ነኝ ብላቸውም አልሰሙኝም። ግፊታቸውን ለካሁ፣ ደኅና ነው። ስኳራቸውም፣ ጆሯቸውም ደኅና። ከዚያ ስድስት ሜትር ላይ አቁሜ የዓይን መለኪያውን ሰንጠረዥ አስነበብኳቸው። ላይ፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ እያሉ እስከ መጨረሻዋ ትንሽ ተራ ወረዱ። «አየሽ? የአሞራ ዓይን ነው!» አሉ።

ብዙ ቦታ ምርመራው እዚህ ላይ ያበቃል። እኔ ግን አንድ ነገር እጨምራለሁ። ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩና ቀኝ ዓይናቸውን አስሸፍኜ፣ «አፍንጫዬን ብቻ ይዩ። ከጎን ጣቴ ሲንቀሳቀስ በታየዎት ጊዜ ይንገሩኝ» አልኳቸው። እጄን በግራ በኩል ዘርግቼ ጣቴን ማንቀሳቀስ ጀመርኩ። ዝም አሉ። ወደ መሐል አቀረብኩት። ዝም አሉ። ጥቂት ቆይተው፣

«ኧረ ጀምሪ እንጂ» አሉኝ።

ጋሼ፣ እጄ ከጉንጫቸው አንድ ስንዝር ላይ ነበር።

አዲስ አበባ ዓይን ሐኪም ዘንድ ላክኋቸው። የዓይን ግፊት ነው ተባለ፤ ግላኮማ ይሉታል። አያምም፣ አይቀላም፤ ከዳር ከዳር እየበላ ነው የሚገባው። ግራ ዓይናቸው በቱቦ ውስጥ እንደሚያይ ሰው ሆኗል፣ ቀኙም ጀምሯል። ጠብታው በየቀኑ እስከ ዕድሜ ልክ ነው፤ የቀረውን ያቆይላቸው እንደሆን እንጂ የሄደውን አይመልስም።

ወረቀቱን አልፈረምኩም። ተቆጥተው ወጡ፤ ለቤት ሰው እንዳልናገርም አስማሉኝ። የእርስዎን ቃል ይሰማሉና እባክዎ ከመሪው እንዲነሡ ይምከሩልኝ። ሰው ነው የሚጭኑት።

አክባሪዎ ልጅዎ ሄመን

*

ጅቡቲ፣ ኅዳር 19 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለሄመን ባይሳ

ሰላምታዬ ይድረስሽ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሰው ፊደሉን እስከ መጨረሻው አንብቦ ዓይኑ ታሟል ሲባል በዕድሜዬ አልሰማሁም። ደገፋ ሃያ ሦስት ዓመት ሲነዳ አንዲት ዶሮ አልገጨም። የሚስቱ የአያንቱ እናት በእሱ እጅ ናት። አራት ልጅ አለው። መሬት የለው፣ ከብት የለው። ከመሪው ይነሣ ያልሺው ተነሥቶ የት እንዲቀመጥ ነው?

ሾፌሮቹ የሚያወሩትን እየሰማሁ ነው። ከግንጪ የተነሣው ነገር አገሩን አዳርሷል፣ ተማሪው ወጥቷል፣ መንገዱ በድንጋይ ይዘጋል ይላሉ። በዚህ በክፉ ቀን ቤተሰብ ይደጋገፋል እንጂ በወረቀት አይጠላለፍም።

ለስድስት ወር ብቻ ፈርሚለት። በስድስት ወር ውስጥ የሚነዳለት ሰው እናፈላልጋለን። አንቺ ብትተዪው ሌላ ቦታ ሄዶ ያስፈርማል፤ ምርመራውንም ያልፋል፣ ራስሽ ነግረሽኛል። ለአንቺ የሚቀርልሽ ወንድሜን ከዘመድ ደጅ መመለስሽ ብቻ ነው።

ከአንቺ አንዳች ነገር ጠይቄ አላውቅም። ይኸው ዛሬ ጠየቅሁ።

ኢፋ

*

ቡራዩ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ኢፋ

ጤናዎን ይስጥልኝ።

ፈርሜአለሁ።

ያለፈው ሳምንት ሰኞ አያንቱ ከሰበታ መጣች። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ግማሹን በእግሯ ነው የመጣችው። እዚህ ቡራዩም ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል፣ ጎማ ይቃጠላል፣ ተኩስ እንሰማለን። ክሊኒኩ ውስጥ ጥይት የነካውን ልጅ ስናክም ውለን ነበር፤ ጋዋኔን እንኳ አልቀየርኩም። አያንቱ አልለመነችኝም። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ «ኢፋ ጽፎልሻል አሉ» አለችኝ፤ ሌላ ምንም አላለችም። ሲመሽ መመለሻ አጥታ እኔ ጋ አደረች። ጠዋት ስነሣ ቤቴን ጠርጋ፣ ልብሴን አጥባ አሰጥታ አገኘኋት።

ቅጹ ላይ «የእይታ መጠን» የሚል መስመር አለ። «መደበኛ» ብዬ ጻፍኩ። ከታች «ለማሽከርከር ብቁ ነው» በሚለው ፊት ለፊት ፈረምኩ፤ ማኅተሙንም ራሴ መታሁ። ለስድስት ወር የሚባል ቅጽ የለም፤ ለሁለት ዓመት ነው።

የጠየቁኝን አድርጌአለሁ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ሄመን

*

ጅቡቲ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2008 ዓ.ም.
(ሄመን እጅ የገባው ጥር 10 ቀን)

ልጄ ሄመን፣

የእግዚአብሔር ሰላም ካንቺ ጋር ይሁን። ባለፈው የጻፍኩልሽን ቅደጂው። ፈርመሽ እንደሆነ አላውቅም። ካልፈረምሽ አትፈርሚ። ከፈረምሽ ግን እስከ መጨረሻው አንብቢኝ።

ኅዳር 29 ቀን መጋዘን ውስጥ ወደቅሁ። ስነቃ ምላሴ ተነክሶ፣ አንድ ጫማዬ ወልቆ፣ ወዛደሮቹ ከብበው ውኃ ያፈስሱብኛል። አንቺ የማታውቂው፣ ደገፋም የማያውቀው በሽታ ነው። ከሠላሳ ዓመቴ ጀምሮ በዓመት አንዴም ሁለቴም ይጥለኛል። አሁን ኪኒን አለኝ፤ ያን ሳምንት አልቆብኝ ነበር።

በ1997 ዓ.ም. ሲሚንቶ ጭኜ በሱሉልታ በኩል ስመጣ መኪናው ከመንገድ ወጥቶ አንዲት ሴት መግደሌን ታውቂያለሽ። ፍሬን እምቢ ብሎት ነው ተብሎ ሲወራም ሰምተሻል።

ፍሬኑ ደኅና ነበር።

ከተማው መግቢያ ላይ አፌ ውስጥ የብረት ጣዕም መጣብኝ፤ ሊጥለኝ ሲል እንዲያ ያደርገኛል። ዳር መያዝ እችል ነበር። አሁን ያልፋል አልኩ። ስነቃ መኪናው የአንድ ግቢ አጥር ጥሶ ቆሟል፣ ሰው ይጮኻል። ሟቿ ደስታነሽ ትባላለች፤ ጎመኗን ሸጣ ወደ ቤቷ ስትገባ ነበር። ፖሊሱ «ምን ሆነህ ነው?» ሲለኝ፣ «ፍሬን እምቢ አለኝ» አልኩ። ቃሉ እንዴት እንደወጣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከወጣ በኋላ ግን አልመለስኩትም።

የፊቱ ክፍል እንዳለ ተጨፍልቆ ስለነበር አጣርቶ የሚያውቅ አልተገኘም። የጤና ወረቀቴ ንጹሕ ነው። ወረቀቱን የሰጠኝ ሐኪም ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ «የሚጥልህ ነገር አለ?» አለኝ፤ «የለም» አልኩ፤ ማኅተሙን መታ። እሱን አልከስም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ገላን ውስጥ ፍሬኑን ያጠበቀልኝ እሸቴ የሚባል መካኒክ ነበር። በእኔ ቃል ስምንት ወር ታሰረ። እኔ በሽማግሌ የደም ካሣውን፣ ጉማውን፣ ከፍዬ ከሟች ቤተሰብ ታረቅሁ። የደስታነሽ ባል ገብረየስ እጄን ይዞ፣ «የብረት ነገር ነው፣ አንተ ምን ታደርግ» አለኝ። ያ እጅ ነው ከአገር ያስወጣኝ። ለሥራ ነው የወጣሁት ስላችሁ ኖርኩ። አንቺን ያስተማርኩሽም ምናልባት ካሣ መስሎኝ ይሆናል። ይህን ማለቴ ቅር እንዳይልሽ።

ደገፋ «ኧረ ጀምሪ እንጂ» ያለሽን አንብቤ ነበር እኮ ያን ቁጣ የጻፍኩልሽ። አሁን ከወደቅሁ ወዲህ ግን ቃሉ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። እኔ እየታወቀኝ ነው የነዳሁት። እሱ አይታወቀውም።

ይህን ደብዳቤ አንብቢለት።

ኢፋ

*

ቡራዩ፣ ጥር 18 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ኢፋ

እግዚአብሔር ጤናዎን ይጠብቅልኝ። ኪኒንዎ እንዳያልቅብዎ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ጥር 10 ነው። የአደም መኪና ተሰብራ፣ ኋላም መንገዱ እየተዘጋ፣ መተሐራ ላይ ሦስት ሳምንት ከነጭነቱ ቆሞ ነበር። ወረቀቱን ሲሰጠኝ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ምን እንደያዘ አያውቅም።

ጥምቀት በማግስቱ ነበርና በዓሉ እስኪያልፍ አልጠበቅሁም ብል ዋሸሁ፤ ጠበቅሁ። ፈርቼ ነው። ጥር 13 ንጋት ላይ ሰበታ መናኸሪያ ሄድኩ። ጋሽ ደገፋ አውቶቡሱን ሞልተው ሊወጡ ነው።

«ጋሽ ደገፋ፣ ዛሬ አይንዱ። የጋሼ ኢፋ ደብዳቤ ይዣለሁ፣ እናንብበው።»

«ተሳፋሪ አስቀምጬ ደብዳቤ ላነብ? ግቢ፣ ሞተሩ ላይ ተቀመጪ። ነጂነቴን እይና ከዚያ ትፈርጂያለሽ።»

ገባሁ። ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተብሎ በሬዲዮ ከተነገረ ወዲህ መኪና መንቀሳቀስ ጀምሯል፤ መንገዱ ግን አልረጋም። በየመንደሩ የተቃጠለ ጎማ ጥቁር አስፋልቱ ላይ አለ። ጋሽ ደገፋ በእውነት ጎበዝ ነጂ ናቸው። ቀስ ብለው፣ አርቀው እያዩ፣ ከርቀት ያለውን ድንጋይ ሁሉ እየለዩ። አዋሽ መልካን እስክናልፍ ድረስ ምናልባት እኔ ተሳስቼ ይሆናል እያልኩ ነበር።

ተጂ ልንገባ ስንል በግራ በኩል ካለው ሜዳ ተማሪዎች እየጮኹ ወጡ። ከፊታቸው ጭድ የጫነች አህያ የሚነዱ አንድ ሽማግሌ ሸሽተው ወደ አስፋልቱ መጡ። አየኋቸው። ከኋላ የተቀመጡትም አዩአቸው። ጋሽ ደገፋ ግን ፊት ለፊት እያዩ፣ ማርሽ ቀይረው ፍጥነት ጨመሩ።

«ግራ! ጋሽ ደገፋ፣ በግራ!»

ፍሬኑን ረገጡት። አህያዋ ወደቀች። ሽማግሌው ተሽቀንጥረው ከአስፋልቱ ዳር አረፉ። ሮጬ ወረድኩ። ክንዳቸው ተሰብሯል፣ ጭንቅላታቸው ግን አልተነካም፤ በሕይወት አሉ ጋሼ፣ በሕይወት አሉ። በሻርፔ ክንዳቸውን ሳስር ተማሪዎቹ ደርሰው ከበቡን፤ ድንጋይ ይዘዋል። «ሆን ብሎ ነው!» አለ አንዱ። አንዱ ደግሞ መስታወቱን ሰበረው። ተሳፋሪው በመስኮት እየዘለለ ይወርዳል።

ጋሽ ደገፋ ወረዱ። ፊታቸው አመድ መስሏል። «ሂን አርጊኔ፣ ሂን አርጊኔ» ይላሉ፤ አላየሁትም፣ አላየሁትም።

«ይህን የሚያህል ሰው እንዴት አይታይህም? ጠጥተሃል?» አሏቸው።

እኔም ተነሥቼ በኦሮምኛ ተናገርኩ። «ዓይናቸው ታሟል። ከግራ የሚመጣውን አያዩም። እኔ እያወቅሁ ደኅና ናቸው ብዬ ፈርሜላቸዋለሁ። የሕክምና ባለሙያ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።» አንዲት ተማሪ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ «ሰው ትገድሉ ነበር እኮ» አለችኝ። ሌላው ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ሽማግሌው ከተኙበት ሆነው፣ «ተዉአቸው፣ እሷ ባትጮኽ ሞቼ ነበር» አሉ። በእሳቸው ቃል ነው የተረፍነው። አንድ ተሳፋሪ መንጃ ፈቃድ ነበረውና ሽማግሌውን ተጂ ጤና ጣቢያ አድርሶ አውቶቡሱን ወደ ሰበታ መለሰው።

ጋሽ ደገፋ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ። «ስንቱን እንዲህ አልፌው ይሆን?» አሉ።

በማግስቱ መንጃ ፈቃድ ወደሚያድሰው መሥሪያ ቤት ሄጄ የሰጠሁት ምስክርነት ልክ እንዳልነበረ ጽፌ አቀረብኩ። ጸሐፊው የፊተኛውን ወረቀት ከፋይል አውጥቶ አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጣቸው።

«ይኼንን የፈረምሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ይኼንንስ?»

«አዎ።»

«ታዲያ የትኛውን ልመን እህቴ?»

«ሁለተኛውን» አልኩት።

ክሊኒኩ አሰናብቶኛል። የሙያ ፈቃዴ ጉዳይ ገና እየታየ ነው። የእርስዎን ደብዳቤ ለጋሽ ደገፋ አላነበብኩላቸውም። ሰጠኋቸው፤ ራሳቸው ያንብቡት ብዬ።

ሄመን

*

ጅቡቲ፣ የካቲት 14 ቀን 2008 ዓ.ም.

ልጄ ሄመን፣

እጅሽ ይባረክ፣ የደረሰብሽንም እግዚአብሔር በበጎ ይለውጥልሽ። በእኔ ቃል ሥራሽን አጣሽ። ይህን የምመልስበት ነገር የለኝም።

ደገፋ አልጻፈልኝም። አልፈርድበትም።

አንድ ነገር ልለምንሽ፣ ይህን ግን እምቢ ማለት ትችያለሽ። ያ መካኒክ፣ እሸቴ፣ በሕይወት እንዳለ አጣሪልኝ። ገላን ነበር። የገብረየስንም ወሬ ስሚልኝ። ማን እንደሚፈልጋቸው አትናገሪ።

ኢፋ

*

ቡራዩ፣ መጋቢት 20 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ኢፋ

እንደምን ሰነበቱ?

የዘገየሁት ፈልጌ እስካገኛቸው ነው። ገብረየስ ሱሉልታ እዚያው ግቢያቸው ውስጥ አሉ፤ ሌላ ሚስት አላገቡም። እሸቴም አለ። ገላን አንድ መጋዘን በር ላይ ጥበቃ ነው። መካኒክነቱን ከእስር ከወጣ ወዲህ እንዳልነካው የሠፈሩ ሰው ነገረኝ። ከሩቅ አየሁት። ራዲዮ ይዞ ተቀምጦ ነበር። ማን ነሽ ሳይለኝ ተመለስኩ።

ጋሽ ደገፋ ለሁለት ወር አላነጋገሩኝም። አያንቱ ግን በየሳምንቱ መጥታ ጠብታውን በትክክል እንዴት እንደምታደርግላቸው ትጠይቀኛለች፤ እኔም አሳያታለሁ። አውቶቡሱን አሁን ያ ተሳፋሪ የነበረው ሰው ይነዳዋል፣ ይገዙ ይባላል። ጋሽ ደገፋ ረዳት ሆነው በር ላይ ይቆማሉ። በራሳቸው መኪና! መጀመሪያ ሰው ሳቀባቸው። እሳቸውም አሁን፣ «ሾፌር ሆኜ የማላውቀውን ሰው ሁሉ ተዋወቅሁ» ይላሉ አሉ።

ትናንት መጡ። ደብዳቤዎን ኪሳቸው ውስጥ አጥፈው ይዘውታል፤ ጫፉ አርጅቷል። «ጻፊለት» አሉኝ። «ይምጣ በይው። ሱሉልታም ገላንም እኔ አብሬው እገባለሁ። እኔ እንደማላይ ሳላውቅ ሰው ልገድል ነበር፤ እሱ እያወቀ ነዳ። ሁለታችንንም አንድ እናት ወለደችን። ይምጣ።» ከዚያ ደብዳቤውን መልሰው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

እኔም ይምጡ እላለሁ። የሙያ ፈቃዴ አልተነጠቀም፤ ማስጠንቀቂያ ሰጥተውኛል። ከሚያዝያ ጀምሮ ወሊሶ አካባቢ አንድ ጤና ጣቢያ ሥራ አግኝቻለሁ። ሾፌር የመመርመር ሥራ አይሰጠኝም። ልክ ናቸው።

ሄመን

*

ሰበታ፣ ግንቦት 29 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለልጄ ለሄመን

የደኅና ሰው ሰላምታ ይድረስሽ። አገሬ ገባሁ። ወሊሶ ቅርብ ነው፣ ስልክም አለ፤ ይህን ግን በአፌ ልነግርሽ አልቻልኩም። ለመጻፍ ለምጄአለሁና ልጻፈው።

መጀመሪያ ሱሉልታ ሄድን፤ እኔ፣ ደገፋና ሦስት ሽማግሌዎች። ከገብረየስ በር ላይ ድንጋይ ተሸክሜ ቆምኩ። ሽማግሌዎቹ የመጣንበትን ነገሩልኝ፣ ከዚያ ግን «አንተው ተናገር» ተባልኩ። ተናገርኩ። ገብረየስ አርጅቷል። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ቤቱ ገባና በሩን ዘጋው። አንድ ሰዓት ያህል ቆምን። ልጁ ወጥታ፣ «ዛሬ ሂዱ ይላል። የፊተኛው እርቅ ፈርሷል ይላል። ከክረምት በኋላ ሽማግሌ ላኩ ይላል» አለችን። ይህም ለእኔ ብዙ ነው። ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ገብቼ ቃሌን ሰጠሁ። መዝገቡን ፈልገን እንጠራሃለን ብለው አሰናበቱኝ። ሲጠሩኝ እሄዳለሁ።

ትናንት ገላን ሄድን። እሸቴ መጋዘኑ በር ላይ ነበር። አላወቀኝም። «ማንን ፈለጋችሁ?» አለን። ስሜን ነገርኩት። ራዲዮውን ዘጋ።

እንዴት እንደምጀምር በመንገድ ሙሉ ሳሰላስል መጥቼ ነበር፤ ሁሉም ጠፋብኝ። «ፍሬኑ ደኅና ነበር» አልኩት። «አንተ ያጠበቅኸው ፍሬን ደኅና ነበር። እኔ የሚጥለኝ በሽታ አለብኝ። ራሴን ስቼ ነው። ዋሽቼብህ ነው።»

ይመታኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ደገፋም እንደዚያው ጠብቆ ከአጠገቤ ፈቀቅ አላለም። እሸቴ ግን ቁጭ ባለበት እጆቹን አገላብጦ አያቸው።

«የፊት ግራው» አለ። «የፊት ግራውን ቡሎን አጥብቄአለሁ አላጠበቅሁም እያልኩ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አልተኛሁም። እስር ቤት ሳለሁ አጥብቄዋለሁ እል ነበር። ከወጣሁ በኋላ ግን እርግጠኛ መሆን አቃተኝ። ሁሉም ሰው አንተ ነህ ካለ... እጄ ነው ያጠፋው አልኩና መፍቻ መያዝ ተውኩ።»

«አጥብቀኸዋል» አልኩት።

መኪና መጣ፣ ተነሥቶ በሩን ከፈተለት፣ ዘጋው፣ ተመልሶ መጣ። ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም። እኔም አልጠየቅሁትም።

«ሚስቴና ልጄ እዚህ ከኋላ ነው ያሉት» አለኝ። «ልጄ ያኔ አራት ዓመቷ ነበር። አባትሽ ሰው አስገድሏል ሲሏት ነው ያደገችው። ና ግባ።»

ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ሚስቱ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር፣ ልጅቷ ደብተር ይዛለች። ሁለቱንም አስነሣቸውና አጠገብ ለአጠገብ አቆማቸው። ደገፋ በሩ ላይ ቆመ። እሸቴ ወደ እኔ ዞረና፣

«አሁን ያልከውን ድገመው» አለኝ። «ከመጀመሪያው። ቀስ ብለህ።»

ደገምኩት።

ኢፋ